ቶንግ ዴሻን የናቃቸው ከተሞች

የእህቴ ባል ቶንግ ዴሻን አንድን ከተማ ለመናቅ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ባቡር ጣቢያው ላይ ይጀምራል፤ ለምሳ እጁን ሲታጠብ ጨርሷል። ይህን የምለው በወሬ ሰምቼ አይደለም። ሻንጣውን ተሸክሜ ከኋላ ከኋላው እየሄድኩ ሦስት ከተማ ሲንቅ አይቼዋለሁ።

ሰውየው በተወለድንባት በሰሜን ቻይናዋ በፉሹን፣ በድንጋይ ከሰሏ ከተማ፣ የአንድ የውሃ ፓምፕ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ምክትል ኃላፊ ነበር። "ምክትል" የምትለዋን ቃል ጡረታ በወጣ ማግስት ራሱ ሰረዛት። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲያነሳ "ኃላፊ ቶንግ ነኝ" ይላል። ደረት ኪሱ ላይ ብዕር ይሰካል፤ የሚፈርመው ወረቀት ግን የለውም። እኔ ጌንግ ሊጁን እባላለሁ፤ ታክሲ ነጂ ነበርኩ። እሱ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት "ሹፌሩ" እያለ ነው ያስተዋወቀኝ። እኔም ፊት ለፊት "እርስዎ" እያልኩ፣ ዞር ሲል እስቅበት ነበር። እንዲህ ተናንቀን በሰላም ኖርን።

እህቴ ሱዌን በመካከላችን ነበረች። በዚያው ፋብሪካ የሠራተኞች ምግብ ቤት ሊጥ ስታድበለብልና በእንፋሎት የሚበስለውን ዳቦ ስታወጣ ኖራ ጡረታ ወጣች። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ቤታቸው ደግሞ አሳንሰር የሌለው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በእሷ ጉልበት ምክንያት ቤት እንቀይር ያለ ሰው አልነበረም። ቤት የመቀየሩ ነገር የተነሳው ቶንግ ሲያስል ነው።

"ደረትዎ ሌላ የፉሹን ብርድ አይችልም። ሞቅ ያለ፣ ደረቅ አገር ይፈልጉ" አለው ሐኪሙ።

ቶንግ ቤት ገብቶ ጠረጴዛውን አስጠረገና ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሰመረ። አየር፣ የቤት ዋጋ፣ አትክልት፣ ሐኪም ቤት፣ ባሕር፣ የሕዝቡ ጠባይ። እያንዳንዱ ከአሥር ይታረማል። የሁለቱ ጡረታ ተደምሮ ትልቅ ከተማ የሚያኖር ስላልሆነ የሚፈለገው ርካሽም ደስ የሚልም አገር ነበር።

"እትዬስ ምን ትላለች?" አልኩት።

"ስለ ምኑ?"

"ስለምትኖርበት አገር።"

"እሷ የትም ይስማማታል" አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

እህቴ ወጥ ቤት ሆና ሰምታለች። ጎመን የምትከትፍበት ቢላዋ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

እኔን የፈለገኝ ለሻንጣው ነው። የባቡሩን ዋጋ እኔ እችላለሁ አለ። ሚስቴ ከፈታችኝ አሥር ዓመት ሆኗል፤ ቤት የሚጠብቀኝ የለም። እውነቱን ልናገርና፣ የሄድኩት ሲዋረድ ለማየት ነው።

መጀመሪያ የወሰደን ሻንዶንግ፣ ባሕር ዳርቻ ነው። እዚያ ባሕር የሚያሳይ አፓርታማ እንደ ድንች ይረክሳል ሲባል ሰምቶ ነበር። ኅዳር ላይ ደረስን። ሠላሳ ፎቅ የሚሆኑ ሕንፃዎች በባሕሩ ዳር ተደርድረዋል፤ ዙሪያውን ብትዞር ልብስ የተሰጣበት በረንዳ ከሦስት አይበልጥም። ሱቁ ተቆልፏል። መስታወቱ ላይ "ሰኔ ላይ እንከፍታለን" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ነፋሱ እህቴን ከቆመችበት ገፋት፤ ክንዴን ያዘች።

የተቀበለችን ደላላ ዣን የምትባል፣ ከንፈሯ በብርድ የጠቆረ ወጣት ሴት ነበረች። ሰውን በማየት የምትኖር ስለሆነች ብዕሯን ለይታ አወቀች፤ ደረቱ ላይ ያለችውን ብዕር ማለቴ ነው።

"ኃላፊ ነዎት መሰለኝ?" አለችው።

ቶንግ ሁለት ጣት ያህል ረዘመ። ከዚያ በኋላ በየክፍሉ "ኃላፊ ቶንግ፣ በዚህ ይምጡ፤ ኃላፊ ቶንግ፣ ይህን መስኮት ይዩልኝ" እያለች አዞረችው። ማሞቂያ እንደሌለ የነገረችን ስንወጣ ነው፤ እሱንም እህቴ ጠይቃ ነው።

ታች አንድ ሽማግሌ ዓሣ ያጠምዳል። ከሞንጎሊያ በኩል የመጣ ጡረተኛ ነው።

"ጎረቤት አለዎት?" አልኩት።

"አለኝ እንጂ። ጥሩ ሰው ነው። ሐምሌ ላይ ይመጣል።"

እህቴ ባሕሩን እያየች "ውሃው ቆንጆ ነው" አለች። ቶንግ ሳይዞር፣ "አንቺ ደግሞ ቆንጆ ያልሆነ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?" አላት። ዣን ሳቀች፤ ሥራዋ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ የእኔ ግን ሥራዬ አልነበረም።

ለባሕር አሥር ሰጠው። ለሕዝቡ ጠባይ ምንም አልሰጠም፤ ሕዝብ ስላልነበረ።

ብርዱ አባረረንና ወደ ደቡብ ወረድን፤ ጓንግሺ ውስጥ ቤይሃይ ወደምትባል ሌላ የባሕር ዳርቻ ከተማ። ከአንዲት ወይዘሮ ፓንግ ከምትባል አከራይ ሁለት ክፍል ተከራየን። እኛ አገር ወንዝ በረዶ ሆኖ ሲጋገር እዚያ ሰው በነጠላ ጫማ ይሄዳል። ከሰሜን የወረደው ጡረተኛ ብዛቱ ለጉድ ነው፤ መናፈሻው ውስጥ ጠዋት ጠዋት ተሰብስቦ በራሱ ቋንቋ ይጮኻል። ሁሉም ኃላፊ ነበርኩ ይላል። አንድም በረኛ፣ አንድም ቧንቧ ሠሪ ከሰሜን ወደ ደቡብ ወርዶ አያውቅም ብትሉኝ አምናችኋለሁ።

ቶንግ እዚያ መካከል ደስ ብሎት ሰነበተ። ያገሩን ሰው ግን ዓይኑ ሊያየው አልቻለም። "አጫጭር ናቸው" ይላል። "ቀንድ አውጣ እየመጠጡ ያወራሉ። ቋንቋቸውስ ዳክዬ የታነቀ አይመስልም?" ይህን የሚለው ወይዘሮ ፓንግ እየሰማች ነው፤ የእኛን ቋንቋ አትሰማም ብሎ። ሴትዮዋ ሃያ ዓመት ለሰሜን ሰው ቤት አከራይታለች።

ታዲያ የካቲት ሲገባ ከባሕሩ የሞቀ ጭጋግ መጣና ግድግዳው ማላብ ጀመረ። ይህ የዚያ አገር ደንብ ነው፤ በየዓመቱ አንድ ሁለት ወር ሁሉ ነገር ይረጥባል። ውሃው ከጣሪያ በቀስታ እየወረደ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል። አንሶላው ረጠበ፣ ጫማችን አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። ቶንግ ከፉሹን ድረስ በመስታወት አስገብቶ ያመጣው "የአርአያ ሠራተኛ" ወረቀት ነበረው፤ አልጋው ራስጌ ሰቅሎታል። አንድ ቀን ቀና ሲል ስሙ ላይ ጢም የሚመስል ሻጋታ በቅሎበታል። ሳሉም ባሰበት፤ ሲያስል ትከሻው ሁሉ ይነሳል።

ወይዘሮ ፓንግን ጠርቶ ወረቀቱን አፍንጫዋ ሥር ደገነው። "ይሄ ቤት ነው? ግድግዳው እኮ ያለቅሳል!"

ሴትዮዋ ወረቀቱን አነበበች። እሱንም አየችው። "ግድግዳችን በየዓመቱ ያለቅሳል፣ ጌታው" አለች በጠራ በእኛው ቋንቋ። "ዘንድሮ ግን ምክንያት አለው።"

ያን ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እህቴ አንሶላ ይዛ አጠገቤ አለፈች። በብረት ምጣድ እያሞቀች ልታደርቀው ነው፤ ለእሱ ደረት።

መናፈሻ ውስጥ ከነበሩት "ኃላፊዎች" አንዱ፣ ደረቅ አየር ከፈለግህ ዩናን ሂድ፣ ጂያንሹይን ሞክር አለው። መጋቢት ላይ ሄድን። ጂያንሹይ ትንሽ አሮጌ ከተማ ናት። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ግድግዳው ደረቅ፣ ኪራዩም ለእኛ ጡረታ የሚበቃ ነበር። ቶንግ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨረሳት። "አቧራ" አለ። "ወንዶቹ ክንዳቸውን የሚያህል የትምባሆ ቧንቧ አቅፈው ቁጭ ብለዋል። ባሕር የለ። ስለ ባሕር የሰማ እንኳ ያለ አይመስለኝም።" ለባሕር ዜሮ አደረገ፤ ከባሕር በአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላለች ከተማ።

ያረፍንበት ቤት አጠገብ የድሮ ትልቅ የውሃ ጉድጓድ አለ። ያገሩ ሰው ሻይ የሚያፈላው ከዚያ በሚቀዳ ውሃ ብቻ ነው። ከጉድጓዱ ዳር ደግሞ ሴቶች በትናንሽ ዱካዎች ተቀምጠው ቶፉ ይሠራሉ። ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚረጋ አይብ ነው፤ እነሱ አንድ ጉርሻ በሚያህል ጨርቅ አንድ በአንድ እየጠቀለሉ፣ ውሃውን እየጨመቁ፣ በጣውላ ያስተኙታል። በኋላ በከሰል ይጠበሳል። እጃቸው ሲሠራ ዓይን አይከተለውም።

እህቴ በሁለተኛው ቀን ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ቀረች። ፍለጋ ስወጣ ዱካ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የቶፉ ሥራው ባለቤት እማማ ፑ የምትባል፣ ሰማንያ የሚጠጋት፣ ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ናት።

"ይህቺ ልጅ እጇ ከየት ነው የመጣው?" አለችኝ እማማ ፑ።

"ከሰሜን። ዳቦ ትጠቀልል ነበር።"

"አሃ። እዚህ ያሉት ሦስት ወር ተምረው እንዲህ አይቋጥሩም።"

በስልሳ ሦስት ዓመቷ "ልጅ" ተብላ እህቴ ፊቷ ቀላ። አንገቷን ደፍታ ጠቀለለች። በማግስቱም ወረደች። በሳምንቱ የራሷ ዱካ ነበራት፤ ከጎኗ ያለችዋ ሴት ስለ ምራቷ የምታወራውን ግማሽ በምልክት እየተረዳች ትስቃለች። እህቴ ስትስቅ አንድ ጥርሷ እንደጎደለ ያወቅኩት ያኔ ነው። መቼ እንደወለቀ አላውቅም።

የቶንግ ሳል በዚያው ሰሞን ጠፋ። እሱ ግን ስለ ሳሉ መጥፋት ትንፍሽ አላለም። ለሐኪም ቤት ሁለት ሰጠ፤ ገብቶበት ግን አያውቅም።

አንድ ጠዋት ቶንግ ወደ ጉድጓዱ ዳር መጣና ሚስቱን አናቷ ላይ ቆመባት።

"ተነሺ።"

"ይቺን ጣውላ ልጨርስ" አለች።

"የኃላፊ ሚስት በባልዲ ዳር ተቀምጣ ጨርቅ ትጠመዝዛለች? ሰው ምን ይላል?"

እማማ ፑ ቀና አለች። "የምን ኃላፊ?"

"የፋብሪካ" አለ ቶንግ።

"ፋብሪካው የት አለ?"

"ተዘግቷል፣ እማማ" አልኩ እኔ፣ ከጎን ሆኜ። "ሰውየውም ምክትል ነበር።"

ሴቶቹ አንዷ ለሌላዋ እያስተረጎመች ሳቃቸው በዙር ሄደ። ቶንግ ጆሮው ቀልቶ ተመለሰ። እኔ ለዚያች ቀን ነበር ያን ሁሉ ሻንጣ የተሸከምኩት። እህቴን ሳያት ግን አልሳቀችም። ጨርቁን እያጠፈች ነበር፣ በጣም ቀስ ብላ።

በማግስቱ የሩዝ ፓስታ ቤት ምሳ ስንበላ ቶንግ ውሳኔውን አሳወቀ። ከደላላዋ ከዣን ጋር በስልክ ተነጋግሯል። ሻንዶንግ፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ፣ ባሕር ሙሉ በሙሉ የሚታይበት። ቀብድ ልኳል። ባሕር አየር ለሳንባ ጥሩ ነው አለ።

"ማሞቂያ የለውም" አልኩት።

"ሹፌር ስለ ሳንባ ምን ያውቃል?"

እኔ ግን የገባኝ ገብቶኛል። ከሻንዶንግ እስከ ጂያንሹይ ስንዞር፣ በየቀኑ እየደወለ "ኃላፊ ቶንግ" የሚለው ሰው አንድ ደላላ ብቻ ነበር። ሰውየው ከብርድ ሸሽቶ የቻይናን ግማሽ አቋርጦ፣ ለአንዲት ማዕረግ ሲል ተመልሶ ብርድ ገዛ።

"ሐሙስ እንነሳለን" አለ።

እህቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እናንተ ሂዱ" አለች። "እኔ አልሄድም።"

"የት?"

"የትም። እዚህ እቀራለሁ። ከእማማ ፑ ግቢ ክፍል ይዣለሁ፤ ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም። ከራሴ ጡረታ ከፍያለሁ።"

ቶንግ ሳቀ። "ባሕር በሌለበት?"

"ባሕር የፈለግኸው አንተ ነህ። እኔ ባሕር እፈልጋለሁ ያልኩህ መቼ ነው?"

"ከሁለት ቀን በላይ አትቆዪም። ሊጁን፣ ንገራት።"

በደስታ ልናገር ነበር። ለእሱ የሚሆን ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል፤ "እርስዎ ራስዎ ብርድ ሲበላዎት እናያለን" ልለው ነው። እህቴ እጇን አነሳችብኝ።

"አንተ ዝም በል" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ሠላሳ ስድስት ዓመት በእሱ እየሳቅህ ነው የኖርከው። ገበታዬ ላይ ተቀምጠህ፣ ዳቦዬን እየበላህ። ምን ዓይነት ሰው እንዳገባሁ ከእኔ በፊት አውቀሃል። አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብተህ 'እትዬ፣ እንዴት ነሽ?' ብለኸኝ ታውቃለህ? እሱ እንኳ እኔን የሚረሳኝ ስለራሱ እያሰበ ነው። አንተ ግን እያየኸኝ ነው የረሳኸኝ።"

የፓስታው መረቅ በረደ፤ ቶንግ ግን የራሱን ሳህን ጨረሰ።

ሐሙስ ዕለት እሱና እኔ ሄድን። ባቡር ጣቢያ አልሸኘችንም፤ ለስንቅ የሚሆን ዳቦ ግን ጋግራ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችን። ሁለታችንም ሁለት ቀን ሙሉ በላነው። ሻንዶንግ ሻንጣውን አሥራ ሰባተኛ ፎቅ አወጣሁለት። ዣን ቁልፉን ስታስረክበው "እንኳን ደስ አለዎት፣ ኃላፊ ቶንግ" አለችው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ስልኩን ማንሳት እንደተወች ቆይቼ ሰማሁ።

ለሚያውቁት ሁሉ "ሚስቴ ለጤናዋ ዩናን ናት፤ እኔ ልኬያት ነው" ይላል። ሳሉ ተመልሷል፤ በስልክ ይሰማል። ጎረቤቱ ሐምሌ ላይ መጣ፤ እሱም ኃላፊ ነበርኩ ባይ ሆኖ ተገኘ። የእሱ ግን ምክትል የለበትም፤ ተጣሉ።

እኔ ጥቅምት ላይ ለብቻዬ ወደ ጂያንሹይ ሄድኩ። ማንም ሻንጣ አላሸከመኝም። በሩ ላይ ቆሜ በመንገድ ሁሉ ስለማመደው የነበረውን፣ "እትዬ፣ እንዴት ነሽ?" አልኳት።

እህቴ ትክ ብላ አየችኝ። "ጉልበቴን ያመኛል" አለች። "ሽንት ቤቱ ግቢውን አቋርጦ ነው። ከጎኔ ያለችው ሴት ከምራቷ ጋር ስትጮህ ጆሮዬ ይደነቁራል። ክፍሉም ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ቆሞ አያስተላልፍም።"

"ታዲያ ተመለሺ።"

"ወዴት?"

ዱካ ስባ አስቀመጠችኝና ጨርቅ ሰጠችኝ። የቋጠርኩት ሁሉ ፈረሰ። እማማ ፑ አንዱን በሁለት ጣቷ አንስታ ለሴቶቹ አሳየችና ለዶሮዎቹ ወረወረችው።

እዚያው ጂያንሹይ ሳለሁ ቶንግ ደወለልኝ። ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ ብዙ ዞረ። ከዚያ፣ "እዚያ አሁንም ደረቅ ነው እንዴ?" አለኝ።

"እሷን ራሷን ይጠይቋት" አልኩት።

"ስለ አየሩ ነው የጠየቅኩህ፤ ስለ ሰው አይደለም" ብሎ ዘጋው።

ለእህቴ ነገርኳት። ሊጥ እያቦካች ነበር፤ ሴቶቹን በሊጥ ተጠቅልሎ በፈላ ውሃ የሚቀቀለውን የሰሜኑን ሥጋ ጥቅልል ልታስተምራቸው።

"ይምጣ አይምጣ የራሱ ጉዳይ ነው" አለች። "ከመጣ ግን ክፍል ይከራይ። ከእኔ ጋር አያድርም።" ሊጡን ገልብጣ መታችው። "የዚህ አገር ሰው ደግሞ ሊጥ ማቡካት አያውቅም። ሰባት ወር ሙሉ እያሳየኋቸው ነው፤ አሁንም ውሃ ያበዙበታል። ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?"